ኢሊያ ሜችኒኮፍና የሰውነታችን ዘበኞች

ከፒያሳ ወደ ጉለሌ ሲኬድ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ቀድሞ እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ዋናው ኢንስቲትዩት ያለው ግን ፓሪስ ነው። የዛሬው ሰውዬአችን እዚያ ለ28 ዓመት ሠርቷል።

ኢሊያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 በዩክሬን፣ ካርኮቭ አጠገብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ኑሮ ግን አልቀናውም። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉድሚላ በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሐዘኑ ቢጠናበት መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ሊሞት ሲል ለጥቂት ተረፈ።

በ1882 በጣሊያን አገር፣ ሜሲና ሳለ አንድ ሐሳብ መጣለት። የባሕር ኮከብ የተባለው እንስሳ እጭ ገላው እንደ መስተዋት ውስጡን ያሳያል። ታዲያ ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ ወጋው። በማግሥቱ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል!

በ1884 ደግሞ የውሃ ቁንጫን በሚገድል ፈንገስ ላይ ያደረገውን ምርምር አወጣ። መርፌ መሳዩ የፈንገስ ዘር አንጀቷን በስቶ ሲገባ ሴሎቹ ከበው ይበሉታል። እነሱ ካሸነፉ ቁንጫዋ ትድናለች፤ ፈንገሱ ከበዛባቸው ትሞታለች።

እኛስ? አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ስንመላለስ ከአቧራው ጋር የሻጋታ ዘር እንስባለን። መጀመሪያ በሳንባችን ያሉት ማክሮፋጆች ይውጡታል። አምልጦ ክር ማውጣት ከጀመረም ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሱበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሳናውቀው ያልቃል። መከላከያው በበሽታ ወይም በካንሰር መድኃኒት ሲዳከም፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ክፍተት ጥሎ ሲሄድ ግን ሻጋታው ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ከነቀርሳ ድኖ እንደገና ደም የሚያስለው ሰው ያው የድሮው ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ ይመርመር።

በሽታን የሚከላከለው የደም ፈሳሽ እንጂ ሴል አይደለም የሚሉ ሊቃውንት ሜችኒኮፍን ለዓመታት ተከራከሩት። በ1908 የኖቤል ሽልማትን የተካፈለው ስለ ደም ፈሳሽ ካጠናው ከፓውል ኤርሊክ ጋር ነበር። ለካ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው! በ1916 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ መሣሪያ የለም ብለን የሳይንሱን ክፍለ ጊዜ በቃል ብቻ ከማሳለፋችን በፊት ያቺን እሾህ እናስታውስ። በጠርሙስ ተከድኖ የሻገተ እንጀራም ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ክዳኑን ብቻ እንዳትከፍቱት!