ፒተር ፎርስኮል፦ የተንሳፋፊ የባሕር እንስሳት መዝጋቢ

ፒተር ፎርስኮል በ1732 እ.ኤ.አ. ያኔ በስዊድን ግዛት ሥር በነበረችው ሄልሲንኪ ተወለደ። በኡፕሳላ የካርል ሊኔየስ ደቀ መዝሙር ነበር። በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት ያሳተመው ጽሑፍ ታገደበት፤ በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረቢያ በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ ተጓዘ።

በማዕበል ተነድተው ዳርቻ ላይ የሚወድቁ ለስላሳ እንስሳት ቅርጻቸው ቶሎ ስለሚጠፋ እንደ ዛጎል በመደርደሪያ አይቆዩም፤ ስለዚህ የተመልካቹ መግለጫ ከናሙናው የላቀ ዋጋ አለው። ብርሃን አሳላፊው ሳልፓና ዛጎል አልባው ተንሳፋፊ ቀንድ አውጣ ፕቴሮትራኪያ ሳይንሳዊ መጠሪያቸውን ያገኙት ከፎርስኮል ነው። አዳማ የምትገኝበት ስምጥ ሸለቆ በአፋር በኩል ከሚገናኘው ከቀይ ባሕር ለመዘገበው ጄሊፊሽ ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የነበረችውን የአንድሮሜዳን ስም ሰጠው። (ይህ ጄሊፊሽ ከመንሳፈፍ ይልቅ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለል ላይ ተገልብጦ መተኛት ይቀናዋል።)

ሐምሌ 1763 በየመን፣ ያሪም ከተማ፣ በ31 ዓመቱ በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር። የፎርስኮልን ማስታወሻዎች በ1775 ያሳተመውም እርሱ ነው፤ ደራሲው ያላረመው ሥራ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በእንስሳት ስያሜ ጥናት ፎርስኮል ዛሬም ከኒቡር ጋር ተጣምሮ ይጠቀሳል።