ኦጉስት ሮዳን

ኦጉስት ሮዳን (እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 12 ቀን 1840 እስከ ኖቬምበር 17 ቀን 1917) የፈረንሳይ ቀራፂ ነበር። «አሳቢው» በተባለው ሥራው ይበልጥ ይታወቃል። በከተማ አደባባይ ካቆማቸው ሐውልቶች ዋነኛው ደግሞ በካሌ ከተማ ታሪክ ላይ የተመሠረተው «የካሌ ታላላቅ ነዋሪዎች» ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ሮዳን የተወለደው በፓሪስ ሲሆን አባቱ የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወደ ታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የሕንፃ ጌጣጌጥ እየቀረጸ በሌሎች ሥር ተቀጥሮ ኖረ። በ1877 «የነሐስ ዘመን» የተባለውን ሐውልት ሲያሳይ፣ ምስሉ ሕያው ሰው ከመምሰሉ የተነሣ በቀጥታ ከሰው ገላ ላይ ቅርጽ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። በኋላ ግን ከዚህ ሐሜት ነጻ ወጣ።

የካሌ ሐውልት

የእንግሊዝ ንጉሥ 3ኛው ኤድዋርድ ከ1346 እስከ 1347 ካሌን ከብቦ ሕዝቡን በረኃብ አስጨነቀ። በታሪክ ጸሐፊው ፍሯሳር ዘገባ መሠረት፣ ስድስት ታላላቅ ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ገመድ በአንገታቸው አስረውና የከተማዋን ቁልፍ ይዘው ከወጡ ሌላውን ሕዝብ እንደሚምር ንጉሡ ተናገረ። መጀመሪያ የተነሣው ኡስታሽ ደ ሴን ፒየር ነበር። በመጨረሻ በንግሥት ፊሊፓ ልመና ስድስቱም ከሞት ተረፉ።

የካሌ ማዘጋጃ ቤት በ1880ዎቹ ለኡስታሽ መታሰቢያ ለማቆም ሲነሣ ያሰበው የአንድ ሰው ሐውልት ነበር። ሮዳን ግን ታሪኩን አንብቦ ስድስቱንም ለመሥራት ወሰነ። ድል አድራጊ ጀግኖች አላደረጋቸውም፤ ወደ ሞት እንደሚሄዱ ሰዎች አንዱ ራሱን በእጆቹ ይዞ፣ ሌላው ቁልፉን ጨብጦ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ከፍርሃቱ ጋር ሲታገል አሳያቸው። በ1885 የኮሚቴው አባላት ንድፉን አይተው አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ለከተማዋ ክብር አይመጥኑም ሲሉ ተቃወሙ። ሮዳን ሐሳቡን አልለወጠም። የገንዘብ እጥረትም ሥራውን አዘገየው።

ሐውልቱ ጁን 3 ቀን 1895 ተመረቀ። ሮዳን ምስሎቹ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ፣ በመንገደኛው መካከል የሚራመዱ መስለው እንዲቆሙ ይፈልግ ነበር። ከተማው ግን ከፍ ባለ መሠረት ላይ አቁሞ በብረት አጥር ከበባቸው።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1898 ያሳየውን የደራሲ ባልዛክን ሐውልት ያዘዘው የደራሲያን ማኅበር ሳይቀበለው ቀረ። በ1916 ሮዳን ሥራዎቹን ለፈረንሳይ መንግሥት አበረከተ። በጃንዋሪ 1917 የረጅም ዘመን የሕይወት ጓደኛውን ሮዝ በሬን አገባ፤ እርሷ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ኖራ ሞተች። እርሱም በዚያው ዓመት በመዶን አረፈ። በመቃብሩ ላይ «አሳቢው» ቆሟል። ቤተ መዘክሩ በፓሪስ በ1919 ተከፈተ።

የካሌው ሐውልት በ1924 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተዛውሮ ዝቅ ባለ መሠረት ላይ ቆመ። የሮዳን ፍላጎት የተፈጸመው እርሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።