አዳም ቀጥቃጩ

የሕግ ተማሪ ሳለሁ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሰዎች ስም የሚደነግገውን ክፍል የተማርንበት ዕለት አይረሳኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ያዛል። ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ፤ እኛም እስከ ዛሬ በራሳችንና በአባታችን ስም እንጠራለን። መምህራችን ግን ነገሩ እንዲገባን ብለው ለየቤተሰባችን የሚሆን ስም እንድንመርጥ ጠየቁን። አንዱ የፊታውራሪ አያቱን፣ ሌላው የቀኝ አዝማች ቅድመ አያቱን ስም መዘዘ። አንድ ልጅ ብቻ ዝም አለ። አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለ እጅ መሆናቸውን የሚያውቅ ቀልደኛ ከኋላ ሆኖ የእሱስ የታወቀ ነው፣ ቀጥቃጭ ተብሎ ይጻፍለት አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ቀና ብሎ አላየንም።

ዛሬ ስለ አንድ ቀጥቃጭ ለመጻፍ የተነሳሁት ያ ሳቅ አሁንም ስለሚከነክነኝ ነው። ሰውየው አዳም ስሚዝ ነው።

ስሚዝ በእንግሊዝኛ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በየመንደሩ ብዙ ጆንና ብዙ ዊልያም ስለነበረ ሰው በሙያው ይለይ ጀመር፤ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ወፍጮ ፈጪው፣ ቀጥቃጩ እየተባለ። ውሎ አድሮ ቅጽሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ስም ሆነ፤ ልጁ መዶሻ ባይጨብጥም ስሚዝ ነው። ዛሬ በእንግሊዝም በስኮትላንድም በአሜሪካም ከዚህ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ስሚዞች ተመዝግበዋል። ጀርመኑ ሽሚት፣ ዓረቡ ሐዳድ፣ ሀንጋሪው ኮቫች፣ ጣሊያኑ ፌራሪ ሲባል ነገሩ ያው ነው። የዚያ ሁሉ ሀብታም ሕልም የሆነችው መኪና የቀጥቃጭ ስም ተሸክማ ነው የምትከንፈው።

የእኛው አዳም የተወለደው በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በከርኮዲ ከተማ ነው፤ ክርስትና የተነሳው እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1723 ነበር። አባቱም አዳም ስሚዝ ይባላሉ። እሳቸው ግን ሕግ አዋቂና የጉምሩክ ተቆጣጣሪ እንጂ ቀጥቃጭ አልነበሩም። ልጃቸውን ሳያዩ ከመወለዱ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ሞቱ። እናቱ ማርጋሬት ዳግላስ ብቻቸውን አሳደጉት። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በየመንደሩ እየዞሩ ቆርቆሮ የሚጠግኑ ሰዎች ሰርቀውት ወዲያው እንደተገኘ ይተረካል።

በ14 ዓመቱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባና ከታዋቂው የሞራል ፍልስፍና መምህር ከፍራንሲስ ሃችሰን ተማረ። ከ1740 እስከ 1746 በኦክስፎርድ ቢቆይም መምህራኑ ማስተማሩን ጨርሶ ትተውታል ብሎ እስኪጽፍ ድረስ አዝኖባቸው ነው የተመለሰው። በኤድንብራ ለሕዝብ በሚሰጣቸው ትምህርቶች ስሙ ተጠራ፤ በ1751 ግላስጎው ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰደው። እዚያ ካስተማራቸው ትምህርቶች አንዱ የሕግ ፍልስፍና ነበር፤ በ1762ም ዩኒቨርሲቲው የሕግ ዶክተርነት ማዕረግ ሰጠው። እኛ የሕግ ሰዎች ለኢኮኖሚስቶቹ ለቀን ትተንላቸው እንጂ ሰውየው የእኛም ነው።

ጄምስ ዋት የሚባል ወጣት በ1757 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ የመሣሪያ መሥሪያ ክፍል ተሰጠው። የከተማው የመዶሻ ባለሙያዎች ማኅበር የሰባት ዓመት የሙያ ልምምድ አልጨረስክም ብሎ እንዳይሠራ ስለከለከለው እንደሆነ ይነገራል። ይህ ልጅ ኋላ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ዋት ነው። ስሚዝ በጽሑፉ እንዲህ ያለውን ሕግ አጥብቆ ተቃውሟል። የድሀ ሰው ርስቱ የእጁ ጉልበትና ሙያ ነው፤ ማንንም ሳይጎዳ እንዳይሠራበት መከልከል ከንብረቶች ሁሉ የተቀደሰውን መንጠቅ ነው የሚል ነበር ክርክሩ።

በ1764 ወጣቱን የባክሉ መስፍን እያስተማረ ፈረንሳይ እንዲያደርስ በዓመት 300 ፓውንድ የዕድሜ ልክ ጡረታ ሲሰጠው ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። ትምህርቱን በመሀል በማቋረጡ የተማሪዎቹን ክፍያ ካልመለስኩ ብሎ ሞገታቸው። በጄኔቫ ቮልቴርን፣ በፓሪስ ኬኔንና ቱርጎን አገኘ። ተመልሶም እናቱ ቤት ከርኮዲ ተቀምጦ ለዓመታት ጻፈ፤ የሀገሮች ሀብት የተባለው መጽሐፉ በማርች 9 ቀን 1776 ለንደን ላይ ወጣ።

መጽሐፉ የሚከፈተው በፋብሪካ ውስጥ ነው። አሥር ሠራተኞች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 መርፌ ቁልፍ ይሠራሉ፤ ለየብቻቸው ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 20 እንኳ ባልሠሩ ነበር። ቀጥሎ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወስደናል። ሚስማር ለምዶ የማያውቅ ቀጥቃጭ በቀን ከ200 እስከ 300 ቢሠራ ነው፤ ከሚስማር ሌላ ሥራ የማያውቁ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን ከ2,300 በላይ ሲያወጡ አይቷል። በስኮትላንድ አንድ መንደር ሠራተኞች በገንዘብ ፈንታ ሚስማር ይዘው ዳቦ ሊገዙ እንደሚሄዱም ጽፏል። ይህን ዓይን ያገኘው ቆሞ ከማየት ነው።

እኔን የነካኝ ቦታ ግን ሌላ ነው። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች ላይ ፈላስፋና የመንገድ ተሸካሚን አነጻጽሮ ልዩነታቸው ከተፈጥሮ ሳይሆን ከልማድና ከትምህርት የመጣ ነው ይለናል። እስከ ስድስትና ስምንት ዓመታቸው ድረስ ወላጆቻቸውም ሆኑ የሠፈር ልጆች አይለዩዋቸውም፤ በኋላ ግን የፈላስፋው ከንቱ ኩራት መመሳሰሉን እንዳያምን ያደርገዋል።

ስሚዝ ሚስት አላገባም። በ1778 የስኮትላንድ ጉምሩክ ኮሚሽነር ሆኖ በዓመት 600 ፓውንድ እየተከፈለው ከእናቱ ጋር በኤድንብራ ኖረ። ሥራውን እንደጀመረ ወደ ሀገር እንዳይገቡ የተከለከሉትን ዕቃዎች ዝርዝር ሲያነብ የራሱ ከረባትና መሐረብ ሕገ ወጥ ሆነው ቢያገኛቸው አቃጠላቸው። እናቱ በ1784 ሲሞቱ ብርቱ ሐዘን ላይ ወደቀ። እሱም ሐምሌ 17 ቀን 1790 አረፈ፤ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያልታተሙ ጽሑፎቹን ወዳጆቹ እንዲያቃጥሉለት አድርጓል።

በዚያው ዓመት የቀድሞው የሞራል መጽሐፉ ስድስተኛ እትም ወጥቶ ነበር። የታመመው ሰው በመጨረሻ ዘመኑ ከጨመረባቸው ምዕራፎች አንዱ ሀብታምና ትልቅ ሰው የማምለክ፣ ድሀና ዝቅተኛ ሰው የመናቅ ዝንባሌያችን ሕሊናችንን እንዴት እንደሚያበላሸው የሚተነትን ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። እኛ ዘንድ ማረሻውንም ጦሩንም የሠራልን ሰው ቡዳ ተብሏል፤ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂውም ከዚያ አልተረፉም። ርስት ተከልክለው በብረትና በሸክላ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ይህን ስድብ ለዘመናት ተሸክመዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን እኛ፣ ነገ ዳኛና ጠበቃ የምንሆን ተማሪዎች፣ በአንድ ባለ እጅ ልጅ ሳቅን።

የንጉሥ አዋጅ ጥፋትን ይቀጣል እንጂ ሳቅን አይቀጣም። ያንን የምናስቆመው ራሳችን ነን። ያ የክፍል ጓደኛዬ ተመርቆ ጠበቃ ሆነ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። ከዚህ ጽሑፍ በፊት ለእሱ መናገር ነበረብኝ፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ እነግረዋለሁ። የአባቱ ሙያ በእንግሊዝም በስኮትላንድም በአሜሪካም ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም መሆኑንም እጨምርበታለሁ።