ቅጠልና እሳት፦ የሮበርት ማየር ሕይወት

በአሶሳና በአካባቢዋ በበጋ ወራት የተጓዘ የሙያ ባልደረባ የሣር ቃጠሎ ሳያይ አይመለስም። ክረምቱን ሙሉ ያደገው ረጅም ሣር በአንድ ምሽት አመድ ይሆናል። ከነበልባሉ ፊት የቆመ መሐንዲስም ይህ ሁሉ ሙቀት እስከ ትናንት የት ተቀምጦ ነበር ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ በግልጽ መልስ ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የመርከብ ሐኪም ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናስታውሰው የእሱን ሕይወት ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዩሊየስ ሮበርት ማየር በ1814 በደቡብ ጀርመን፣ በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው በሃይልብሮን ከተማ፣ ከመድኃኒት ቀማሚ አባት ተወለደ። በልጅነቱ በውኃ የሚዞሩ ትናንሽ መንኰራኵሮች መሥራት ይወድ ነበር። አንድ ጊዜም መንኰራኵሩን ያዞረው ውኃ በዚያው በመንኰራኵሩ ጉልበት ተመልሶ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ በዚህም መሣሪያው ሳያቋርጥ እንዲዞር ለማድረግ ሞከረ። አልሆነለትም፤ ሊሆን እንደማይችልም ከገዛ እጁ ሥራ ተረዳ። ይህ ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

ማየር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1838 ሐኪም ሆነ። በ1840 በአንድ የሆላንድ መርከብ ተቀጥሮ ወደ ጃቫ ደሴት ተጓዘ። በሱራባያ ወደብ የታመሙ መርከበኞችን እንደ ዘመኑ ልማድ ከክንዳቸው ደም እያወጣ ሲያክም፣ ከደም መልስ የሚወጣው ደም እንደጠበቀው የጠቆረ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። በስሕተት ደም ቅዳ የወጋ መስሎትም ደነገጠ። በዚያ የነበሩ ሐኪሞች ግን ነገሩ በሞቃት አገር የተለመደ መሆኑን ነገሩት።

ለሌላው የተለመደው ነገር ለማየር እንቆቅልሽ ሆነበት። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ የሰውነት ሙቀት ምግብ ከኦክሲጅን ጋር በዝግታ በመቃጠሉ የሚገኝ መሆኑን ቀደም ብሎ አስረድቷል። እንግዲህ በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ጥቂት ከሆነ፣ ከደሙ የሚወስደው ኦክሲጅንም ጥቂት ይሆናል፤ ደሙም እንደቀላ ይመለሳል ሲል አሰበ። የዛሬው ሕክምና የደሙን መቅላት በይበልጥ የሚያያይዘው በሙቀት ጊዜ በቆዳ ውስጥ ከሚጨምረው የደም ዝውውር ጋር ነው። ማየር ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆይቷል። መርከበኛው ገመድ ሲስብ የሚሠራው ሥራም ሆነ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት ከበላው ምግብ የሚገኙ ከሆነ፣ ሥራና ሙቀት በተወሰነ ልክ የሚመነዘሩ የአንድ ኃይል ሁለት መልኮች መሆን አለባቸው።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1841 ሐሳቡን ለአንድ የታወቀ የፊዚክስ መጽሔት ላከ። ጽሑፉ ስሕተቶች ነበሩበት፤ አዘጋጁም ሳያትመው ቀረ፤ መልስም አልሰጠውም። ማየር ተስፋ ሳይቆርጥ ፊዚክስን አጥንቶ፣ ስሕተቱንም አርሞ በ1842 በኬሚስቱ በሊቢኽ መጽሔት አሳተመ። በዚህም ጽሑፍ አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ የሚያሞቀው ሙቀት ያንኑ ክብደት 365 ሜትር ያህል ከፍ ከሚያደርግ ሥራ ጋር እኩል መሆኑን አስላ። ዛሬ የታወቀው ልክ 427 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ በዘመኑ ስለ አየር ሙቀት የነበሩት መለኪያዎች ትክክል ካለመሆናቸው የመጣ ነበር።

በ1845 ደግሞ ይህንኑ ሕግ በሕይወት ባላቸው ነገሮች ላይ የሚያውል ጽሑፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። አረንጓዴ ተክል በብርሃን አየርን እንደሚያጠራ ኢንገንሃውስ በ1779 አሳይቶ ነበር። ማየር የጨመረው የኃይሉን ሒሳብ ነው፤ ቅጠል የሚቀበለው ብርሃን አይጠፋም፤ መልኩን ለውጦ በተክሉ ውስጥ ይከማቻል። ዛሬ በዝርዝር እንደምናውቀው፣ በብርሃን አስተጻምሮ ቅጠል ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ሠርቶ ኦክሲጅን ይለቃል። በትንፈሳ ጊዜ ደግሞ እንስሳም ሆነ ተክሉ ራሱ ስኳሩን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕዶ የተከማቸውን ኃይል ያወጣል፤ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተመልሰው ይገኛሉ። ትንፈሳ ይህን በዝግታ፣ በብዙ ደረጃ ያደርገዋል፤ የሣሩ እሳት ግን በአንድ ጊዜ ይፈታዋል።

ሆኖም ማየርን የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በጥንቃቄ በተሠሩ ሙከራዎች ወደዚሁ ውጤት ስለ ደረሰ የቀዳሚነት ክርክር ተነሣ፤ በአገሩ ጋዜጣም ሐሳቡ ተናቀ። በ1848 ሁለት ልጆቹ ሞቱበት። በ1850 ራሱን ከመስኮት ወርውሮ ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ፤ ከዚያም በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ገብቶ በግድ እስከ መታሰር ደረሰ። ገና በሕይወት ሳለም ሞቷል ተብሎ ተነገረ። በ1862 ቲንዳል በለንደን ሥራውን በይፋ ካወደሰለት በኋላ ግን ስሙ ታወቀ። የሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ በ1870 ለጁል፣ በ1871 ደግሞ ለማየር ተሰጠ። ማየር በ1878 በትውልድ ከተማው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

የእሱ ሒሳብ ለአሶሳም ይሠራል። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል፣ በዝናብ ወራት የሚያወጣው ቡቃያ በአንድ ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል። ይህን ያህል የሚያሳድገው ነባሮቹ ግንዶች በቅጠላቸው ይዘው ከመሬት በታች ባለው አካል ያኖሩት ስንቅ ነው። ነባሮቹን ጨርሶ የቆረጠ ሰው የመጪውን ዓመት ቡቃያም ቆርጧል። ለከሰል የሚወድቀው ዛፍም እንዲሁ የብዙ ዓመት የቅጠል ሥራ ነው።

በዚሁ ክልል በጉባ በ2025 የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች የሚዞሩት ፀሐይ ከባሕር አንሥታ በደጋው ላይ ባዘነበችው ውኃ ነው። ሕፃኑ ማየር መንኰራኵሩ ራሱ እንዲሠራው የፈለገውን፣ ውኃውን መልሶ የማውጣት ሥራ፣ የምትሠራው ፀሐይ ናት። እኛም ለማገዶም ሆነ ለኤሌክትሪክ ዕቅድ ስንነድፍ፣ ምን ያህል እንደምናወጣ ከመጻፋችን በፊት ምን ያህል እንደሚገባ እንጻፍ።