ሰይቼንቶን ያፈጠናት ካርሎ አባርት

ሰይቼንቶ ሲባል ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የሚያስታውሰው ታክሲዋን ነው። ይህችኑ ፊያት 600 ለእሽቅድምድም ያበቃት ካርሎ አባርት እ.ኤ.አ. በ1908 ቪየና ውስጥ ተወለደ። ከባድ አደጋ እስኪያስቆመው ድረስ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በ1949 የሚሠራበት ቺዚታሊያ ሲከስር የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ለተራ መኪኖች ማርሚታ እየሠራ ሸጠ።

በ1955 ፊያት 600 ስትወጣ ርካሽና ቀላል ስለነበረች መረጣት፤ 633 ሲሲ ሞተሯንም ወደ 747 አሳደገው። ድርጅቱን በ1971 ለፊያት ሸጦ፣ በ1979 አረፈ።

ዛሬ ሰበታም ሆነ ቡራዩ ትንሽ መኪና ገዝቶ ማሻሻል ለሚያምረው ወጣት የአባርት ምርጫ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ክብደቷ የቀለለ፣ መለዋወጫዋ የማይጠፋ ትሁን። ከሱሉልታ በእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ በሚወርደው ቁልቁለት ግን ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ ይታሰብበት።