ኤዲሰንና የግራፋይቱ ባትሪ

ቶማስ ኤዲሰን ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን አምፖሉ ነው። እኔን ግን፣ የኬሚስትሪ ተማሪ በመሆኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ይበልጥ የሚገርመኝ ከዱቄት ጋር ያደረገው ትግል ነው። ስለዚህ አምፖሉን ለሌላ ጸሐፊ ትቼ ስለ ባትሪው ላውጋችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በ1847 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቀም፤ በልጅነቱ ባቡር ላይ ጋዜጣ ሸጠ፣ ቀጥሎ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። በ1877 ገደማ ለስልክ ማይክሮፎን ሲሠራ ጥላሸት ጠቅጥቆ እንደ አዝራር ጠፍጣፋ አደረገው። ድምፅ ሲጫነው ቅንጣቶቹ ይበልጥ ይነካካሉ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱም ይጨምራል። የታመቀ ካርቦን ጠባይ ያን ጊዜ ገብቶታል ማለት ነው።

በ1899 ገደማ ወደ ባትሪ ዞረ። በዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠቀምበት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በጣም ከባድ ነበር። ኤዲሰን በአንድ በኩል ብረት፣ በሌላ በኩል ኒኬል ሃይድሮክሳይድ አድርጎ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ውስጥ ነከራቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የኒኬሉ ዱቄት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። የቱንም ያህል ብታምቁት ከብረት መያዣው ራቅ ያለው ቅንጣት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ስስ የግራፋይት ቅርፊት ቀላቅሎ፣ በፕሬስ ጠፍጥፎ፣ በተበሳሳ የብረት ኪስ ውስጥ ከተተው። ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ሲነካኩ በዱቄቱ ውስጥ መንገድ ይሠራሉ። ሲበዙ ደግሞ ሥራውን ለሚሠራው ኒኬል ቦታ አይተርፍም፤ ጣጣው ልኩን ማግኘት ነው። ዛሬም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዱቄት በብልጭታ ሲመረመር ከግራፋይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚታመቀው። (የሚገርመው፣ ሰውየው ከእርሳስ ሸሽቶ የተጠጋው እኛው እርሳስ በምንለው መጻፊያ ውስጥ ያለውን ነገር ነው!)

ባትሪው በ1903 ገበያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ቅሬታ መጣ፤ አንዳንዱ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ አንዳንዱ ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል። ለድካሙ አንዱ ምክንያት ለካ ግራፋይቱ ራሱ ነው! ባትሪው ሲሞላና ሲራገፍ የኒኬሉ ዱቄት ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ንክኪው ይላላል፤ በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ካርቦኑ ቀስ በቀስ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። መንገዱ ተበላ ማለት ነው። ኤዲሰን በ1904 ማምረቱን አቁሞ የተሸጡትን መልሶ ሰበሰበ። ስሙን ተማምኖ መሸጡን መቀጠል ይችል ነበር እኮ! እኔ ከአምፖሉ ይልቅ በዚህ ነው የማደንቀው።

ከዚያ ዓመታት የፈጀ ሙከራ ሆነ። በመጨረሻ ግራፋይቱን ትቶ ኒኬልና መዳብ በየተራ በኤሌክትሪክ ለበጠ፣ መዳቡን አሟሟው፣ ከወረቀት የሳሳ የኒኬል ቅርፊት ቀረለት። ይህንንና ሃይድሮክሳይዱን በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ውስጥ ንብርብር በንብርብር፣ በመቶዎች የሚቆጠር ንብርብር እያደረገ ጠቀጠቀው። አዲሱ ባትሪ በ1909 ወጣ፤ ጠንካራም ነበር።

ግን መኪናው አልጠበቀውም። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 መጥቷል፤ በ1912 ካዲላክ ሞተር ማስነሻ ሲገጥም የመረጠው ያንኑ የእርሳስ ባትሪ ነው። የኤዲሰን ባትሪ ዕቃ በሚያመላልሱ መኪናዎች፣ በባቡር ምልክቶችና በማዕድን ቆፋሪዎች መብራት ላይ ዋለ። እሱ በ1931 በ84 ዓመቱ ሲሞት ፋብሪካው ይሠራ ነበር፤ ምርቱም በሌላ ድርጅት እጅ ሆኖ እስከ 1975 ቆየ።