ጓማን ፖማ ዴ አያላ፤ ለንጉሥ የተጻፈ አቤቱታና ታሪክ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኢንካ መንግሥት አወዳደቅ ሲተረክ፣ ትረካው ድል አድራጊዎቹ ስፔናውያን ከጻፉት ብቻ የሚቀዳበት ጊዜ ብዙ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ በበኩሉ ምን አየ፣ ምንስ ደረሰበት ብሎ ለሚመረምር የታሪክ መምህር ግን አንድ ታላቅ ምስክር አለ፤ ይኸውም ፌሊፔ ጓማን ፖማ ዴ አያላ ነው።

ጓማን ፖማ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፔሩ ነባር ባላባቶች ወገን ተወለደ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ኬችዋ ሲሆን፣ ስፔንኛ ተምሮ በአስተርጓሚነት አገልግሏል። ዛሬ አያኩቾ በምትባለው በኋማንጋ አጠገብ የነበረውን የዘመዶቹን ርስት ለማስመለስ ለዓመታት ተሟገተ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1600 ሙግቱን ተረትቶ 200 ጅራፍ እንዲገረፍና ለሁለት ዓመት ከከተማይቱ እንዲርቅ ተፈረደበት።

ፍርድ ቤት ያልሰማውን ጉዳይ በብዕር ወደ ንጉሡ ማቅረብን መረጠ። ለስፔኑ ንጉሥ ለፌሊፔ ሣልሳዊ ብሎ ያዘጋጀውና በ1615 መጠናቀቁን ያስታወቀው መጽሐፍ 1,189 ገጾችና 398 ሥዕሎች አሉት። ከወረራው በፊት የነበረውን ሥርዓት ሲገልጽ፣ የተንጠለጠለውን ድልድይ የሚቆጣጠረውን ሹም፣ በገመድ ቋጠሮ ሒሳብ የሚይዘውን የጎተራ ኃላፊ፣ በየወሩ የሚከናወነውን የእርሻ ሥራ ሥሎ አሳይቷል። ከወረራው በኋላ ደግሞ በማዕድን ጉድጓድ የግዳጅ ሥራን፣ የሹማምንትንና የካህናትን በደል ዘርዝሮ፣ መልካም አስተዳደር እንዴት ሊቆም እንደሚችል ሐሳብ አቅርቧል።

በእጅ የተጻፈው መጽሐፍ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ1908 ጀርመናዊው ሊቅ ሪካርድ ፒችማን በኮፐንሃገን ንጉሣዊ ቤተ መጻሕፍት አገኘው፤ በ1936ም ፓሪስ ላይ ታተመ።

ይሁን እንጂ የጓማን ፖማ ቃል የነባሩ ሕዝብ ሁሉ ቃል ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የራሱን የዘር ሐረግ አግንኗል፤ ቀደም ሲልም የአገሬውን የታኪ ኦንቆይ እምነት እንቅስቃሴ ለማጥፋት ከተላከ የቤተ ክርስቲያን መርማሪ ጋር ሠርቷል። ስለዚህ መምህሩ ከሥዕሎቹ አንዱን ከአንድ ስፔናዊ ትረካ ጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱንም ማን፣ ለማን፣ ስለ ምን እንዳዘጋጃቸው ተማሪዎቹን ቢያጠያይቅ፣ የነባሩን ሕዝብ አስተያየት በምርቃት መልክ ሳይሆን እንደ ማናቸውም የታሪክ ማስረጃ በሚዛን ያስተምራል። ጓማን ፖማም ከ400 ዓመት በኋላ ያን ጊዜ የተነፈገውን ችሎት በክፍል ውስጥ ያገኛል።